ርካሹ ስለት ሲወደድ፤ የቢላዋ መሳያ ድንጋይና ያልተቆጠረው ወጪ

የዓመት በዓል ዋዜማ ሲደርስ በአዲስ አበባ ከበግ ተራና ከዶሮ ተራ ጎን ለጎን የሚደራ አንድ ትንሽ ገበያ አለ። የሰፈሩ ሰው ቢላዋውንና መጥረቢያውን በጨርቅ ጠቅልሎ ይወጣና በእግሩ ፔዳል እየረገጠ ድንጋይ ከሚያሽከረክር ወጣት ፊት ተራ ይጠብቃል። ብረቱ ይጮኻል፤ ብልጭታው ይረጫል፤ ቢላዋው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተስሎ ይመለሳል። ባለቤቱም ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳበስ አድርጎ፣ ሒሳቡን ከፍሎ፣ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል።

ግብይቱ ላይ ላዩን ሲታይ እንከን የለበትም። አገልግሎት ሰጪው ላቡን አንጠፍጥፎ ሠርቷል፤ ደንበኛው የፈለገውን አግኝቷል፤ ዋጋውም ኪስ አይጎዳም። ይሁንና ብልጭታ ሆኖ የሚረጨው የቢላዋው ብረት መሆኑን ልብ የሚል ደንበኛ ብዙ አይደለም። ለስለቱ ሁለት ጊዜ ይከፈላል፤ አንዱ በብር፣ ሁለተኛው ከቢላዋው ዕድሜ ተቆርጦ። ሁለተኛው ክፍያ ደረሰኝ ስለሌለው ማንም በሒሳብ መዝገብ አያሰፍረውም።

ለአንድ ቤተሰብ ጉዳዩ ቀላል ሊመስል ይችላል። በቀን ብዙ ኪሎ ሽንኩርት ለሚከትፍ ምግብ ቤት፣ ቁርጥ ለሚያቀርብ ልኳንዳ ቤት፣ ወይም ሥጋውን በእጅ ለሚያደቅ ክትፎ ቤት ግን ቢላዋ የሥራ መሣሪያ ነው። ለመሆኑ ይህ መሣሪያ በምን ቢሳል ያዋጣል?

ከውጭ የሚመጣ ብረት፣ ከውጭ የሚመጣ ዋጋ

ጥያቄው ዛሬ ከቀድሞው የበለጠ ክብደት አግኝቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ በባንኮች 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ቢላዋ ከጀርመን ሶሊንገን፣ ከጃፓን ሴኪ ወይም ከቻይና ያንግጂያንግ ይምጣ፣ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። የመተኪያው ዋጋ የጨመረበት ዕቃ ደግሞ የጥገናው አያያዝ ሊታሰብበት ይገባል። በሒሳብ ሠራተኞች ቋንቋ የእርጅና ቅናሹ ከፍ ብሏል ማለት ነው።

አገር ውስጥ አንጥረኞች ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ የሚሠሩት ቢላዋም ከዚህ ስሌት አይወጣም። የባሌስትራ ብረት ይዝጋል እንጂ በድንጋይ ላይ በቀላሉ ስለት ያወጣል። በሚገባ የተያዘ እንደሆነ ከብዙ ርካሽ የማይዝግ ቢላዋ የተሻለ ያገለግላል።

ቢላዋ ጠጣርነቱን የሚያገኘው ብረቱ ከጋለ በኋላ በድንገት ቀዝቅዞ፣ ቀጥሎም ዝቅ ባለ ሙቀት ዳግም ሲሞቅ ነው። በፍጥነት የሚሽከረከር ደረቅ ድንጋይ ቀጭኑን የስለት ጠርዝ በቅጽበት ሊያግለው ይችላል። በካርቦን ብረት ላይ ጠርዙ ሰማያዊ ቀለም ካሳየ ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሷል፤ በዚያ ቦታ ላይ የነበረው ጠጣርነትም ቀንሷል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ቢላዋ ዋዜማ ላይ ስል ሆኖ በበዓሉ ማግስት የሚዶለዱም ነው። ደንበኛው «ዘንድሮ ቢላዋው ረከሰ» ብሎ ያማርራል እንጂ አሳሳሉን አይጠረጥርም።

በውኃ በራሰ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በእጅ ሲሳል ግን ሙቀት የሚባል ነገር የለም። የሚነሳው ብረትም ዱቄት ያህል ነው። ጉዳቱ ጊዜ መውሰዱና የእጅ ልምድ መጠየቁ ነው።

ከተራራ ወደ ፋብሪካ

የመሳያ ድንጋይ ንግድ አዲስ ነገር አይደለም። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ በ1ኛው ክፍለ ዘመን ዘይት የሚፈልገውን የቀርጤስ ድንጋይ በውኃ ከሚሠራው የናክሶስ ድንጋይ ለይቶ ጽፏል። በኖርዌይ ቴሌማርክ፣ ኤድስቦርግ ከተባለው ሥፍራ የሚቆፈረው ድንጋይ ከ8ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ጀምሮ በመርከብ ወደ ዴንማርክና ወደ ሌሎች የአውሮፓ ወደቦች ተጉዟል። የቤልጂየም ቢጫ ድንጋይ፣ የአሜሪካ አርካንሳስ ድንጋይና በኪዮቶ ዙሪያ የሚወጣው የጃፓን ድንጋይ የየራሳቸውን ገበያ ፈጥረዋል። ድንጋይ የሌለበት አገር የለም። ለስለት የሚሆን፣ ፍሬው ደቃቅና እኩል የሆነ ድንጋይ ግን የትም አይገኝም፤ ነጋዴውን መርከብ ያስጫነው ይኸው ነው።

ሁኔታው የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1891 አሜሪካዊው ኤድዋርድ አቼሰን የሸክላ አፈርና የድንጋይ ከሰል ኮክ በኤሌክትሪክ አግሎ ሲሊከን ካርባይድ የተባለውን እጅግ ጠጣር ነገር ባገኘ ጊዜ ነው። ካርቦረንደም ብሎ ሰየመው፤ በ1893 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚበላው ፋብሪካውም የናያጋራ ፏፏቴን ኃይል ፍለጋ ወደዚያው ሄደ። ከዚያ ወዲህ የድንጋይ ጥራት የተራራ ዕድል መሆኑ ቀረ። ፍሬው በወንፊትና በውኃ እየተለየ፣ በመጠን እየተመደበ፣ ቁጥር እየተሰጠው መሸጥ ጀመረ።

ቁጥሩ ምን ይላል?

በአሁኑ ጊዜ መሳያ ድንጋይ የሚገዛ ሰው የሚመራው በዚህ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ፍሬው ሻካራ፣ በበዛ መጠን ደቃቅ ይሆናል። ከ200 እስከ 400 ያለው የተሸረፈ ቢላዋ ያስተካክላል። ከ800 እስከ 1000 ያለው የዶለዶመን ቢላዋ ይስላል። ከ3000 በላይ ያለው ስለቱን ያለሰልሳል። ለአብዛኛው ኩሽና አንድ የ1000 ቁጥር ድንጋይ ዘጠና በመቶውን ጉዳይ ይጨርሳል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ላይ አስመጪው ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። ቁጥር ሁሉ እኩል አይደለም። በጃፓን ደረጃ 1000 የተባለው ድንጋይ የፍሬው አማካይ መጠን 11.5 ማይክሮን ገደማ ነው። በአውሮፓ ደረጃ ፒ 1000 ተብሎ የተጻፈበት የብርጭቆ ወረቀት ግን 18.3 ማይክሮን ገደማ ነው። ስለዚህ ከአቅራቢ ጋር በቁጥር ብቻ የተስማማ ነጋዴ ያላዘዘው ዕቃ ሊደርሰው ይችላል። ደረጃው የማን እንደሆነ በፕሮፎርማው ላይ ማስጻፍ ተገቢ ነው።

የባሰው ችግር ግን ቁጥር ጭራሽ የሌለው ድንጋይ ነው። በአንድ ወገን ሻካራ፣ በሌላው ለስላሳ ሆኖ በካርቶን ተጠቅልሎ የሚሸጠው ዕቃ ጥሩ ይሁን መጥፎ በዓይን አይለይም። አንዳንዱ ውኃ ሲነካው እንደ ቆሎ ይረግፋል፤ አንዳንዱ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ለስልሶ ብረት አይነካም። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪኖች ገበያ ባወጣው ጽሑፍ ያብራራው ይህንኑ ነበር። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ሲያቅተው ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ይሰጣል፤ በዚያ ዋጋ የማያዋጣው የጥሩ ዕቃ ባለቤት ከገበያ ይወጣል፤ መጥፎው ይቀራል። አከርሎፍ በዚህ መስክ ላበረከተው ሥራ በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

መፍትሔው በነጋዴው እጅ ነው። ቁጥሩና ደረጃው የተጻፈበትን ድንጋይ ማምጣት፣ ከመደብሩ ጠረጴዛ ላይ አንድ ናሙና አርጥቦ ማኖር፣ የደንበኛውን ቢላዋ እዚያው ስሎ ማሳየት። ወረቀት ያለ ድምፅ የቆረጠ ቢላዋ ያየ ገዢ ስለ ዋጋ የሚከራከረው በሌላ ስሜት ነው።

ሒሳቡ ሲሠራ

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለስሌት የተወሰዱ ምሳሌዎች ናቸው፤ አንባቢው በራሱ ዋጋ ሊተካቸው ይችላል።

አንድ ምግብ ቤት በ1,200 ብር የገዛው ቢላዋ አለው እንበል። ቢላዋው ቅርጹ ተበላሽቶ እስኪጣል ድረስ ከወርዱ 10 ሚሊ ሜትር ቢበላ፣ ተሽከርካሪ ድንጋይ በአንድ ጊዜ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከወሰደ ቢላዋው 20 ጊዜ ተስሎ ያልቃል። ከቢላዋው ዋጋ ላይ በአንድ መሳል 60 ብር ሄደ ማለት ነው። ለአገልግሎቱ 50 ብር ቢከፈል ጠቅላላ ወጪው 110 ብር ይሆናል።

ያው ቢላዋ በእጅ ድንጋይ ሲሳል የሚነሳው ከዚያ አንድ አሥረኛ ነው ብለን ብንወስድ 200 ጊዜ ይሳላል፤ የብረቱ ወጪ 6 ብር ነው። 1,500 ብር የተገዛ ድንጋይ አምስት ዓመት አገልግሎ አራት ቢላዋዎችን በየወሩ ቢስል 240 ጊዜ ይሠራል፤ ይህም በአንድ ጊዜ 6 ብር ከ25 ሳንቲም ነው። ለሠራተኛው ሩብ ሰዓት 10 ብር ቢታሰብለት ድምሩ 22 ብር ከ25 ሳንቲም ይመጣል። የ110 ብሩ አንድ አምስተኛ መሆኑ ነው።

ሚዛን ለመጠበቅ ተቃራኒውንም ማየት ያስፈልጋል። በዓመት አራት ጊዜ ብቻ ሁለት ቢላዋ የሚስል ቤተሰብ ድንጋዩን በአምስት ዓመት የሚጠቀምበት 40 ጊዜ ነው። ቢላዋው የ200 ብር ከሆነ በተሽከርካሪው ድንጋይ 60 ብር፣ በእጁ ድንጋይ 48 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ ያወጣል። ልዩነቱ እጅ ከማቁሰል ስጋት ጋር ሲታይ ያን ያህል አይደለም። እንግዲህ ዋዜማ ላይ ፔዳል ለሚረግጠው ወጣት ቢላዋውን የሚሰጠው አባወራ ተሳስቷል አይባልም። ተሳሳተ የሚባለው ውድ ቢላዋ ይዞ በየሳምንቱ ወደ ብልጭታው የሚሄደው ነጋዴ ነው።

አሠራሩ

ውኃ የሚጠጣ ድንጋይ አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይነከራል። ጥብቅ የሆኑት ግን ከላይ መርጠብ ብቻ ይበቃቸዋል። አንድ ጊዜ ዘይት የጠጣ ድንጋይ ወደ ውኃ አይመለስም፤ ስለዚህ መጀመሪያ መወሰን ነው። ድንጋዩ እንዳይንሸራተት እርጥብ ጨርቅ ከሥሩ ይነጠፋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ማዕዘን ነው። ለተለመደው የአውሮፓ ዓይነት ቢላዋ በእያንዳንዱ ጎን 20 ዲግሪ፣ ጠጠር ላለው ቀጭን የጃፓን ቢላዋ 15 ዲግሪ ገደማ ይመከራል። አጥንት የሚሰብር ከባድ ቢላዋ ከዚህም ሰፋ ያለ ይፈልጋል። መለኪያ ለሌለው ሰው ቀላል ዘዴ አለ። ወርዱ 45 ሚሊ ሜትር የሆነ ቢላዋ ጀርባው ከድንጋዩ 15 ሚሊ ሜትር ከፍ ሲል 20 ዲግሪ፣ 12 ሚሊ ሜትር ሲል 15 ዲግሪ ያህል ይሰጣል። ካያያዝ ይቀደዳል እንደሚባለው፣ ዋናው ጉዳይ የተመረጠውን ማዕዘን ከእጀታው እስከ ጫፉ ሳያዛንፉ መጠበቅ ነው።

አንዱ ጎን በቂ ሲሳል በተቃራኒው ጎን ላይ ጣት ሲነካው የሚሻክር፣ እንደ ክር የቀጠነ ትርፍ ብረት ይነሳል። ይህ ምልክት በጠርዙ ሙሉ ርዝመት ካልታየ ሥራው አላለቀም። ከታየ በኋላ ቢላዋው ይገለበጣል፤ ሌላው ጎንም እንዲሁ ይሠራል። በመጨረሻም ጉልበት እየቀነሱ ጎን እያፈራረቁ ትርፉን ብረት ማንሳት፣ ደቃቅ ድንጋይ ካለ በእሱ ማለስለስ፣ ከተቻለም በቆዳ ላይ ወደ ኋላ እየሳቡ ማበስ ነው። ጣት የሚዳብሰው ሁልጊዜ ከጀርባ ወደ ስለቱ አቅጣጫ ወደ ውጭ እንጂ በስለቱ ርዝመት መሆን የለበትም። በቲማቲም ላይ ያለ ጭነት የገባ ቢላዋ ተስሏል።

በየልኳንዳ ቤቱ ሥጋ ቆራጩ ቢላዋውን ቀጭ ቀጭ የሚያደርግበት ክብ ብረት ድንጋዩን አይተካም። ብረቱ የታጠፈውን ጠርዝ ያቃናል እንጂ ያለቀውን ስለት እንደገና አያወጣም። ሁለቱን አዛምዶ የሚጠቀም ቤት ድንጋዩን የሚያወጣው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ድንጋዩም ራሱ ጥገና ይሻል፤ መሐሉ ከጎደጎደ ማዕዘን ስለሚያበላሽ በመስታወት ላይ በተዘረጋ የብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል።

ስል ቢላዋ የሚያድነው ብረትን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 የታወቀው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሥራ እንዳሳየው የዶለዶመ ቢላዋ ሽንኩርቱን ከመቁረጡ በፊት ስለሚጨምቀው ዓይን የሚያስለቅሰውን ፈሳሽ በብዛትና በፍጥነት ይረጨዋል። ለወጥ የሚሆን ሽንኩርት ሲከትፉ የሚውሉ ሴቶች ይህን ያለ ጥናት ያውቁታል። ቁርጥ የሚበላ ደንበኛም ሥጋውን የሚጎትት ቢላዋ ከቀረበለት ጥፋቱን የሚጥለው በሥጋው ላይ ነው።

ያልተሞላው ገበያ

የስለት አገልግሎት ችግሩ ፍላጎቱ በዋዜማ መታጎሩ ነው። በእንቁጣጣሽ፣ በገና፣ በፋሲካና በዐረፋ ሰዉ ይሰለፋል፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ልኳንዳ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ቢላዋ የሚስለው ወጣትም ሌላ ሥራ ይፈልጋል። በጥቂት ቀናት የዓመት ገቢ ማግኘት ያለበት ሰው ፍጥነትን ቢመርጥና ብረት አብዝቶ ቢያነሳ አይፈረድበትም። ክፍያው በቢላዋ ቁጥር እንጂ በቢላዋ ዕድሜ አይደለም።

ይህን ቋጠሮ ፈትተው የተገኙ አሉ። በሰሜን ኢጣልያ ትሬንቲኖ፣ ቫል ሬንዴና ከተባለው ሸለቆ የወጡ ቢላዋ ሳዮች ድንጋያቸውን በጋሪ እየገፉ አገር ለአገር ይዞሩ ነበር። ወደ አሜሪካና እንግሊዝ የተሰደዱት ቤተሰቦች ውለው አድረው የንግዱን መልክ ለወጡት። ቢላዋውን ራሳቸው ገዝተው ለምግብ ቤቶችና ለሥጋ ቤቶች ያከራያሉ፤ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ የተሳለውን አስገብተው የዶለዶመውን ይዘው ይወጣሉ። የቢላዋው ባለቤት ሳዩ ራሱ ስለሆነ ከልክ በላይ የሚያነሳው ብረት ከራሱ ኪስ ይወጣል። የቀድሞው የጥቅም ግጭት በዚህ ተፈታ።

ይህ አሠራር በአዲስ አበባ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ዘንድ የማይሠራበት ምክንያት አይታይም። የጾም ወቅትም አያግደውም። ልኳንዳ ቤቱ ሲዘጋ ሽንኩርቱ፣ ጥቅል ጎመኑና ድንቹ በገፍ ይከተፋል፤ ኩሽና ጾም የለውም። ኪራዩ ቢቀር እንኳ በወር ክፍያ ውል የቢላዋ እንክብካቤ መስጠት ይቻላል። መነሻው ሁለት ሦስት ጥሩ ድንጋይ፣ አንድ ባልዲ ውኃና የሠለጠነ እጅ ነው። ከመብራት መጥፋትና ከመለዋወጫ ችግር ነጻ የሆነ ሥራ በከተማው ውስጥ ብዙ አይገኝም።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ደንበኛው ሁለተኛውን ክፍያ መቁጠር መጀመር አለበት። ቀላሉ መንገድ ቢላዋው አዲስ ሲገዛ በወረቀት ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በእርሳስ መከተል ነው። ዓመት ሲሞላ ያው ቢላዋ በዚያው ወረቀት ላይ ይቀመጥ። በእርሳሱ መስመርና በብረቱ መካከል ያለው ባዶ ቦታ የአሳሳሉ ትክክለኛ ዋጋ ነው።